የመረጃ ቋትን በብራውዘር ተርሚናል መጠቀምና በድረ-ገጽ ውስጥ ማካተት፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

1. የማብራሪያው ዓላማ

በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች በወረቀት መዝገብ ፋንታ በኮምፒውተር የመረጃ ቋት ላይ ተመሥርተው ይሰጣሉ። የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የዲጂታል መታወቂያ መረጃዎች የሚቀመጡት በዚህ መልክ ነው። ተገልጋዩ ወደ እነዚህ መዝገቦች የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ላይ ባለው ብራውዘር በኩል ነው።

ይህ ማብራሪያ በብራውዘር አማካይነት የመረጃ ቋትን መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚከናወን፣ እንዲህ ያለው መስኮት በሌላ ድረ-ገጽ ውስጥ ሲካተት መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች ምን እንደሆኑና የተገልጋዩ መብት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለመግለጽ ተዘጋጅቷል። በተለይ ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ ባለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ አካባቢ ቢሮ፣ ሱቅ ወይም የሶፍትዌር ሥራ ላላቸው፣ የውል አጋራቸውን ሕጋዊነት ከመዝገብ ለማጣራት ለሚፈልጉና የራሳቸው መረጃ በትክክል መመዝገቡን ለማረጋገጥ ለሚሹ ተገልጋዮች ይጠቅማል።

2. የቃላት ፍቺ

*የመረጃ ቋት* ማለት መረጃ በሠንጠረዥ መልክ፣ በረድፍና በዓምድ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። አንድ ረድፍ አንድን ድርጅት ወይም አንድን ሰው ሲወክል፣ ዓምዶቹ ስምን፣ ቁጥርን፣ አድራሻንና ቀንን ይይዛሉ።

*ተርሚናል* ማለት ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚገባበትና መልሱ በጽሑፍ የሚነበብበት መስኮት ነው። ስያሜው የመጣው ከዋናው ኮምፒውተር ጋር በሽቦ ይገናኙ ከነበሩት የመጻፊያና የማንበቢያ መሣሪያዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ የቀረበው ቪቲ100 የተባለው መሣሪያ ያስተዋወቃቸው የአሠራር ደንቦች ዛሬም በሶፍትዌር ተርሚናሎች ውስጥ ይሠራሉ።

*የብራውዘር ተርሚናል* ማለት ምንም ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ መጫን ሳያስፈልግ በድረ-ገጽ ውስጥ የሚከፈት ተርሚናል ነው።

*ኤስኪውኤል* ማለት ከመረጃ ቋት ጋር መነጋገሪያ የሆነ የትዕዛዝ ቋንቋ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ ያቀረበው የሠንጠረዥ ንድፈ ሐሳብ ሲሆን፣ ቋንቋው በዚያው አሥር ዓመት በአይቢኤም ኩባንያ ተዘጋጅቷል።

*ማካተት* ማለት የአንድን ድረ-ገጽ መስኮት በሌላ ድረ-ገጽ ውስጥ እንዲታይ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የድረ-ገጽ ክፍል በባለሙያዎች ዘንድ አይፍሬም ይባላል።

3. አጭር የታሪክ ዳራ

በርቀት ያለን የመረጃ ቋት ከአዲስ አበባ ሆኖ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀውን የአፍሪካ የልማት መረጃ ሥርዓት አቋቁሟል። ፓዲስ ስለ አፍሪካ ልማት የተጻፉ ሰነዶችን በኮምፒውተር የመረጃ ቋት አደራጅቷል፤ ከአህጉሩ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎችም ሥልጠና ሰጥቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት በስልክ መስመር የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ መልዕክት አገልግሎት ያቀርብ ነበር።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ብራውዘርን ከሰርቨር ጋር ሳይቋረጥ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያነጋግረው ዌብሶኬት የተባለው ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 መደበኛ ሆኖ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ተርሚናልን በድረ-ገጽ ውስጥ መክፈት ቀላልና የተለመደ ሆኗል።

4. አሠራሩ

የብራውዘር ተርሚናል ሦስት ክፍሎች አሉት።

*አንደኛ፣ በተጠቃሚው ዘንድ ያለው መስኮት።* የሚጻፈውን ፊደል ተቀብሎ መልሱን ያሳያል። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚታወቀው ኤክስተርም ጄኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። መስኮቱ ራሱ መረጃ አያከማችም።

*ሁለተኛ፣ መካከለኛው አገልግሎት።* ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል፣ የተፈቀደለትን ይወስናል፣ ትዕዛዙን ይመዘግባል፣ ከዚያም ወደ መረጃ ቋቱ ያስተላልፋል። የሥርዓቱ በር ጠባቂ ይህ ክፍል ነው።

*ሦስተኛ፣ የመረጃ ቋቱ።* ትዕዛዙን ፈጽሞ ውጤቱን ይመልሳል። በትክክል በተዘረጋ ሥርዓት የመረጃ ቋቱ በቀጥታ ለኢንተርኔት አይጋለጥም። ለምሳሌ ፖስትግሬስኪውኤል የሚጠቀምበት በር 5432፣ ማይኤስኪውኤል የሚጠቀምበት በር 3306 ለውጭ ዝግ ሆነው፣ ተገልጋዩ በተመሠጠረው የድረ-ገጽ በር 443 ብቻ ይገባል።

ይህንን መለየት የሚያስፈልገው ለሚከተለው ምክንያት ነው። መስኮቱ ማማሩ ወይም የተቋም አርማ መያዙ የሥርዓቱን ደኅንነት አያረጋግጥም። ደኅንነቱ የሚወሰነው በመካከለኛው አገልግሎትና በመረጃ ቋቱ ላይ በተደነገገው ፈቃድ ነው።

5. የፍለጋ ሳጥን ወይስ ተርሚናል?

ተገልጋዮች በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው አብዛኛው ጉዳይ ተርሚናል የማያስፈልገው መሆኑን ነው።

*የፍለጋ ሳጥን* አንድ የተወሰነ ጥያቄ ብቻ ይቀበላል። የዚህ ግልጽ ምሳሌ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ በተባለው የኤሌክትሮኒክ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓት ላይ የሚገኘው የንግድ ፈቃድ ማረጋገጫ ነው። ተገልጋዩ ቁጥር ያስገባል፤ ሥርዓቱ ከመረጃ ቋቱ አግኝቶ የፈቃዱን ሁኔታ ያሳያል። ቡልጋሪያ አካባቢ ቢሮ የተከራየ ድርጅት ከአንድ አቅራቢ ጋር ውል ከመፈረሙና ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ማድረግ ያለበት ይህንን ነው።

*ተርሚናል* በአንጻሩ ተጠቃሚው ጥያቄውን ራሱ እንዲያዋቅር ያስችላል። ስለዚህም የሚያስፈልገው ለሥርዓት አስተዳዳሪዎች፣ ለመረጃ ተንታኞች፣ ለተመራማሪዎች፣ ለተማሪዎችና የራሳቸውን ድርጅት የመረጃ ቋት ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ነው። የግል መረጃ ያለበት የመንግሥት መዝገብ በተርሚናል ለሕዝብ ክፍት ሊሆን አይገባም። በተርሚናል ለሕዝብ ሊቀርብ የሚችለው ማንነትን የማይገልጽ መረጃ፣ ለምሳሌ ጠቅላላ ስታቲስቲክስ ወይም ለመለማመጃ የተዘጋጀ ናሙና ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው «የመንግሥትን መዝገብ በቀጥታ የሚከፍት ተርሚናል አለኝ፤ በክፍያ አስገባሃለሁ» ቢል ተገልጋዩ ሊቀበለው አይገባም። ያለፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከለ ድርጊት ነው።

6. ከመግባትዎ በፊት መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች

1. የተቋሙን ወይም የሥርዓቱን ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድና በራስዎ ስም የተሰጠ የተጠቃሚ ስም ይያዙ። የሥራ ባልደረባን የይለፍ ቃል መዋስ ተጠያቂነትን ያፋልሳል፤ የተፈጸመው ድርጊት በባለቤቱ ስም ይመዘገባልና።
2. የሚሰጥዎት ፈቃድ «ንባብ ብቻ» መሆኑን ያረጋግጡ። መረጃ መለወጥ ሥራዎ ካልሆነ የመለወጥ ፈቃድ አይጠይቁ።
3. የድረ-ገጹን አድራሻ በራስዎ እጅ ይጻፉ። በመልዕክት የደረሰዎትን ማስፈንጠሪያ አይጫኑ። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ድረ-ገጽ አድራሻ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» በሚለው መጨረሻ ይታወቃል። ከዚህ መጨረሻ በኋላ ሌላ ስም ተቀጥሎ ከታየ አድራሻው የተቋሙ አይደለም።
4. ብራውዘርዎ የቅርብ ጊዜ እትም መሆኑን ያረጋግጡ።
5. በኢንተርኔት ካፌ ወይም በጋራ ኮምፒውተር የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አያስገቡ።

7. የአጠቃቀም ቅደም ተከተል

1. ድረ-ገጹን ይክፈቱ፤ ግንኙነቱ የተመሠጠረ መሆኑን በአድራሻ መጻፊያው ላይ ያረጋግጡ።
2. የተጠቃሚ ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለ በስልክዎ የሚደርሰውን የአንድ ጊዜ ቁጥር ያስገቡ። ይህንን ቁጥር ለማንም አይንገሩ።
3. የገቡበትን የመረጃ ቋት ስም ያንብቡ። የመለማመጃውን ቋት ከዋናው መለየት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።
4. የሠንጠረዦቹን ዝርዝርና የዓምዶቹን ስም ይመልከቱ።
5. መጀመሪያ ጥቂት ረድፎችን ብቻ፣ ለምሳሌ 10 ረድፎችን፣ የሚጠይቅ ትዕዛዝ ይስጡ። ሚሊዮን ረድፎችን በአንድ ጊዜ መጥራት ብራውዘሩን ያቆመዋል፤ ሰርቨሩንም ለሌሎች ተጠቃሚዎች ያዘገየዋል።
6. ትዕዛዙን በነጠላ ሰረዝና በነጥብ ምልክት (;) ይዝጉ። ይህ ምልክት እስካልገባ ድረስ ተርሚናሉ ትዕዛዙ እንዳላለቀ ቆጥሮ ይጠብቃል። ጀማሪዎች «ሥርዓቱ ቆመ» ብለው የሚያመለክቱበት ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው።
7. ሥራዎን ሲጨርሱ የመውጫ ትዕዛዙን ይስጡ። ገጹን መዝጋት ብቻ በቂ አይደለም፤ በሰርቨሩ ዘንድ ያለው ግንኙነት ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

የመለወጥ ፈቃድ ያላቸው ተጠቃሚዎች ከእነዚህ በተጨማሪ ሁለት ደንቦችን ያከብራሉ። አንደኛው፣ የማሻሻያ ወይም የመሰረዣ ትዕዛዝ ከመስጠታቸው በፊት በዚያው ቅድመ ሁኔታ የንባብ ትዕዛዝ ሰጥተው የሚነኩትን ረድፎች ብዛት ማየት ነው። ቅድመ ሁኔታ የሌለው የመሰረዣ ትዕዛዝ የሠንጠረዡን ረድፎች በሙሉ ያጠፋል። ሁለተኛው፣ ለውጡን በግብይት መክፈቻና ማጽደቂያ ትዕዛዝ መካከል ማድረግ ነው። መብራት ወይም መስመር በመካከሉ ቢቋረጥ ያልጸደቀው ለውጥ ይሻራል፤ መዝገቡም ወደነበረበት ይመለሳል። የጸደቀው ግን ጸንቶ ይቆያል። ስለዚህ ከመቋረጥ በኋላ ትዕዛዙን ከመድገም በፊት የመጀመሪያው መፈጸም አለመፈጸሙን በንባብ ማጣራት ግዴታ ነው።

8. «መረጃው አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ

ይህ መልስ ሁልጊዜ መረጃው የለም ማለት አይደለም። አንድ ነጋዴ ፈቃድ እያለው ደንበኛው «በመዝገብ የለህም» ብሎ ውል ሊያፈርስበት ይችላል። ስለሆነም ከመደምደም በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይገባል።

*የፊደላት ልዩነት።* በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ መልካቸው ግን የተለያየ ፊደላት አሉ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ለአንባቢ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በዩኒኮድ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለውና። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ፍለጋው በስም ከሆነ የተለያዩ አጻጻፎችን ይሞክሩ። በተርሚናል ደግሞ ያልታወቀውን ክፍል በመቶኛ ምልክት (%) በመተካት በከፊል ስም መፈለግ ይቻላል።

*የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ።* ስሙ በላቲን ፊደል ተመዝግቦ ከሆነ አንድ ስም ብዙ ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። በሰነዱ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይከተሉ።

*የዘመን አቆጣጠር።* ቀኑ በኢትዮጵያ ወይስ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንደተመዘገበ ይጠይቁ። ለምሳሌ የበጀት ዓመት መጀመሪያ የሆነው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጁላይ 8 ቀን 2025 ነው። በአንዱ አቆጣጠር የተመዘገበን ቀን በሌላው መፈለግ ባዶ ውጤት ያመጣል ወይም ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት መስሎ እንዲታይ ያደርጋል።

*ቁጥር።* በተቻለ መጠን ከስም ይልቅ በመለያ ቁጥር ይፈልጉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዞች አሉት። ከመጀመሪያው የሚገኙት ዜሮዎች የቁጥሩ አካል ናቸው፤ አይተዉም። ቁጥሩ ከኤክሴል ገጽ ከተቀዳ እነዚህ ዜሮዎች ሊጠፉ ስለሚችሉ ከዋናው ሰነድ ጋር ያመሳክሩ።

*የፈቃድ ወሰን።* ተርሚናሉ ለእርስዎ ያልተፈቀዱ ረድፎችን ሊሰውር ይችላል። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 9.5 እትም ጀምሮ ፈቃድን በረድፍ ደረጃ መወሰን ያስችላል። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ስሕተት አያሳይም፤ ረድፎቹ የሌሉ ይመስላሉ።

9. በድረ-ገጽ ውስጥ ማካተት

ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሶፍትዌር ድርጅቶችና ሌሎች ተቋማት የፍለጋ ሳጥን ወይም የመለማመጃ ተርሚናል በራሳቸው ድረ-ገጽ ውስጥ ለማካተት ሊፈልጉ ይችላሉ። ለምሳሌ አንድ ኮሌጅ ተማሪዎቹ ከመማሪያ ጽሑፉ አጠገብ ትዕዛዝ እየጻፉ እንዲለማመዱ ማድረግ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት መሟላት አለባቸው።

*ሀ/ ስምምነት።* መስኮቱ የሌላ ተቋም ከሆነ የባለቤቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ባለቤቱ መስኮቱን የትኞቹ ድረ-ገጾች እንደሚያካትቱ በሰርቨሩ መልስ ላይ በሚጻፍ ደንብ ይወስናል። ያልተፈቀደለት ድረ-ገጽ ሊያካትተው ቢሞክር ብራውዘሩ ባዶ መስኮት ያሳያል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

*ለ/ የንባብ ፈቃድ ብቻ።* የተካተተው መስኮት የሚገባበት የመረጃ ቋት ተጠቃሚ የማንበብ ፈቃድ ብቻ፣ እርሱም በተመረጡ ሠንጠረዦች ላይ ብቻ ይኑረው። የይለፍ ቃሉ በድረ-ገጹ ጽሑፍ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥም። ማንኛውም ጎብኚ የድረ-ገጹን ምንጭ ከፍቶ ሊያነበው ይችላልና።

*ሐ/ የተለየ ቋት።* ለመለማመጃ የሚውለው ቋት ከዋናው ተለይቶ፣ በሰው ሠራሽ ናሙና መረጃ ተሞልቶ ይዘጋጅ። እንዲያውም ለመለማመጃ ሰርቨር ላያስፈልግ ይችላል። ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት በዌብአሴምብሊ አማካይነት ሙሉ በሙሉ በተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ተማሪው ሁሉንም ቢያጠፋ እንኳ ገጹን ዳግም በመክፈት እንደ አዲስ ይጀምራል። መስመር ደካማ በሆነበት ቦታም ገጹ አንዴ ከተጫነ በኋላ ሥራው አይቋረጥም።

*መ/ ገደብ።* ለአንድ ትዕዛዝ የሚፈቀድ ጊዜ፣ ለአንድ መልስ የሚፈቀድ የረድፍ ብዛትና ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቀድ የግንኙነት ብዛት ይወሰን። አለበለዚያ አንድ ተጠቃሚ በስሕተት የሰጠው ከባድ ትዕዛዝ አገልግሎቱን ለሁሉም ሊያቆም ይችላል።

*ሠ/ የመስኮቱ አጥር።* የተካተተው መስኮት ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሠራ፣ ለምሳሌ አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ወይም ፋይል እንዳያወርድ፣ በአይፍሬም ላይ የአጥር ባሕርይ ይጨመር። የሚፈቀደው ብቻ አንድ በአንድ ይዘርዘር።

*ረ/ የፍለጋ ሳጥን ጥንቃቄ።* ተጠቃሚው በሳጥን ውስጥ የሚጽፈው ቃል በቀጥታ ከትዕዛዝ ጋር አይገጣጠም። ቃሉ እንደ መረጃ እንጂ እንደ ትዕዛዝ እንዳይቆጠር ትዕዛዙ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተጠቃሚው ቃል በተለየ መንገድ ይተላለፍ። ይህ ካልተደረገ ክፉ አሳቢ ሰው በስም ቦታ ትዕዛዝ ጽፎ መዝገቡን ሊያነብ ወይም ሊያጠፋ ይችላል።

*ሰ/ ምዝገባ።* ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጠየቀ ይመዝገብ። የምዝገባው መዝገብ ራሱ የግል መረጃ ሊይዝ ስለሚችል ጥበቃ ይደረግለት።

10. ለተገልጋዮች ልዩ ማሳሰቢያ፦ የተካተተ መስኮት አድራሻውን አያሳይም

በአድራሻ መጻፊያው ላይ የሚታየው የውጭኛው ድረ-ገጽ አድራሻ ነው። በውስጡ የተካተተው መስኮት ከየት እንደመጣ በዓይን አይታይም። ስለሆነም አንድ ድረ-ገጽ የመንግሥት ተቋም አርማ ያለበትን መስኮት ቢያሳይ ያ መስኮት በእርግጥ የተቋሙ መሆኑን ተመልካቹ ማረጋገጥ አይችልም። በአንጻሩም ትክክለኛውን መስኮት አካትቶ በላዩ ላይ ሌላ የማይታይ ቁልፍ በመደረብ ተጠቃሚውን ያላሰበውን እንዲጫን የሚያደርግ ማታለያ አለ።

በመሆኑም ተገልጋዮች፦

- የይለፍ ቃልን፣ የፋይዳ ቁጥርን ወይም በስልክ የደረሰን የአንድ ጊዜ ቁጥር በተካተተ መስኮት ውስጥ አያስገቡ፤
- እንዲህ ያለ መረጃ ከተጠየቁ የተቋሙን ድረ-ገጽ በራሱ አድራሻ በተለየ ገጽ ይክፈቱ፤
- በሌላ ድረ-ገጽ የታየን የፍለጋ ውጤት ገንዘብ ለመክፈል መነሻ ከማድረግዎ በፊት በተቋሙ ድረ-ገጽ ላይ በድጋሚ ያረጋግጡ፤
- ምስል ወይም የስክሪን ቅጂ እንደ ማረጋገጫ አይቀበሉ። ራስዎ ይፈልጉ።

11. የግል መረጃ ጥበቃና የተገልጋዩ መብት

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግለሰቦች ስለ ራሳቸው የተያዘን መረጃ የማወቅና ስሕተት ያለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የዚህ አዋጅ ተቆጣጣሪ አካል የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የዲጂታል መታወቂያን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲሆን፣ ፋይዳ በመባል የሚታወቀው መለያ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልዕክትና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።

ተርሚናል የሚጠቀሙ ሠራተኞችና ባለሙያዎች እነዚህ አዋጆች በእነርሱም ላይ ተፈጻሚ መሆናቸውን ሊገነዘቡ ይገባል። የጎረቤትን፣ የዘመድን ወይም የታወቀን ሰው መዝገብ ያለ ሥራ ምክንያት መመልከት፣ ምንም እንኳ መረጃው ባይለወጥና ባይወጣ፣ ፈቃዱ ከተሰጠበት ዓላማ ውጭ መጠቀም ነው።

የግል ያልሆነ የመንግሥት መረጃ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ተርሚናል ስለሌለው መረጃ የማግኘት መብቱ አይቀርም። በጥያቄው አፈጻጸም ቅር የተሰኘ ሰው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

12. በመዝገቡ ላይ ስሕተት ወይም ያረጀ አድራሻ ሲገኝ

የመረጃ ቋት የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተከናወነው የኮሪደር ልማት ምክንያት ከአካባቢው የተነሱ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች በመዝገብ ላይ የቀድሞ አድራሻቸው ሰፍሮ ሊገኝ ይችላል። አድራሻው ካልተሻሻለ የተቋማት ማስታወቂያና መጥሪያ ወደማይኖሩበት ቦታ ይላካል፤ ውል የሚዋዋል ሰውም ሲያጣራ ድርጅቱ በተባለው ቦታ የለም ብሎ ሊጠራጠር ይችላል።

በዚህ ጊዜ የሚወሰዱት እርምጃዎች እነዚህ ናቸው።

1. መረጃዎን በተቋሙ የፍለጋ አገልግሎት ያግኙና ስሕተት ያለበትን ዓምድ በትክክል ይለዩ፤ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን ወይስ አድራሻ መሆኑን ይግለጹ።
2. ማረም የሚችለው መዝገቡን የያዘው ተቋም ነው። የንግድ ምዝገባ በንግድ ተቋሙ፣ የግብር መረጃ በገቢ ተቋሙ፣ የነዋሪነት መረጃ በከተማው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት በኩል ይታረማል። በአንዱ የታረመው በሌላው ታርሟል ብለው አያስቡ።
3. ደጋፊ ሰነድ ያያይዙ፤ ማመልከቻው የገባበትን ቁጥርና ቀን ይያዙ።
4. እርማቱ ተደረገ ከተባሉ በኋላ እንደገና ፈልገው በዓይንዎ ያረጋግጡ።
5. ማንኛውም ሰው «በተርሚናል ገብቼ አሁኑኑ አስተካክልልሃለሁ» ቢል አይስማሙ። ከሥርዓት ውጭ የተለወጠ መዝገብ ደጋፊ ሰነድ ስለሌለው በኋላ ሲጣራ ጉዳቱ በመዝገቡ ባለቤት ላይ ይወድቃል።

13. ኮምፒውተር ወይም ኢንተርኔት ለሌላቸው

በብራውዘር የሚሰጥ አገልግሎት በአካል የሚሰጠውን አያስቀርም። ተገልጋዮች መዝገቡን በያዘው ተቋም ጽሕፈት ቤት ቀርበው መረጃቸው እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የበርካታ ፌዴራል ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣል። በሌላ ሰው እርዳታ የሚጠቀሙ ተገልጋዮች የይለፍ ቃላቸውንና የአንድ ጊዜ ቁጥራቸውን ራሳቸው እንዲያስገቡ፣ ረዳታቸውም ከጨረሰ በኋላ ከገጹ መውጣቱን እንዲያዩ ይመከራሉ።

14. ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

*በስልክ ብራውዘር ተርሚናል መጠቀም ይቻላል?*
ይቻላል። ይሁን እንጂ የስልክ የፊደል ገበታ ቃላትን በራሱ ስለሚያርም ትዕዛዝ ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ራስ-አራሚ ማጥፋት ያስፈልጋል።

*ከሌላ ጽሑፍ ቀድቼ የለጠፍኩት ትዕዛዝ ለምን ስሕተት ያሳያል?*
የጽሑፍ ማቀናበሪያዎች ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጠማማ ይለውጡታል፤ የመረጃ ቋቱም አይቀበለውም። የአማርኛው ድርብ ሰረዝ (፤) ደግሞ የትዕዛዝ መዝጊያውን ምልክት (;) አይተካም።

*መልሱ በጥያቄ ምልክት ወይም በባዶ ሳጥን ቢታይስ?*
መሣሪያው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለውም ወይም መረጃው ሲገባ በዩኒኮድ አልተመዘገበም። ሳጥን ከታየ ብዙውን ጊዜ ችግሩ በመሣሪያው ላይ ነው፤ የጥያቄ ምልክት ከታየ ግን መረጃው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ለመዝገቡ ባለቤት ያሳውቁ።

*በፍለጋ የተገኘ ውጤት እንደ ሕጋዊ ሰነድ ይቆጠራል?*
የፍለጋ ውጤት መዝገቡ በዚያ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል። ለፍርድ ቤት ወይም ለባንክ የሚቀርብ ማስረጃ ካስፈለገ ተቋሙ የሚሰጠውን የተረጋገጠ ሰነድ ይጠይቁ።

15. ማጠቃለያ

የብራውዘር ተርሚናልና የፍለጋ ሳጥን ተገልጋዩ ቢሮ ለቢሮ ሳይመላለስ ከመዝገብ ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ ያስችላሉ። ጥቅማቸው የተሟላ የሚሆነው ግን ለጉዳዩ የሚመጥነው መሣሪያ ሲመረጥ፣ ፈቃዱ ከሥራው ሳያልፍ ሲቀርና ተገልጋዩ የሚመለከተው መስኮት የማን እንደሆነ ሲያውቅ ነው። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያጣሩ፣ ምሥጢራዊ ቁጥርዎን ይጠብቁ፣ በመዝገብዎ ላይ ስሕተት ካገኙ ሳይዘገዩ መዝገቡን ለያዘው ተቋም ያመልክቱ።